መከራ ትርጉም አለው ትላላችሁ? (የእናቴ እግር ነገር)

የማቻክል ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እንዴት ሰነበታችሁ? ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳነብ ግን ቆይቻለሁ።

እናቴ ዝሆኔ አለባት። ሁለቱም እግሯ። የጀመራት እኔ ሳልወለድ ነው። ልጅ እያለሁ የሁሉም ሰው እናት እግር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ትምህርት ቤት ስገባ ነው። አንድ ልጅ ዳቦ ሳካፍለው አልቀበልም አለኝ። እናቱ ነግራው ነው።

የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ። እናቴ ሰርግ ቤት ጥግ ትቀመጣለች። ለቅሶ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ደርሳ ትመለሳለች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቅጽሩ ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ነው የምትቆመው፤ ሴቶቹ መሐል ገብታ አታውቅም። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፤ ለውበት አይደለም። እህቴን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። «በዘራቸው አለ» ተባለ።

ትናንት መጻጉዕ ነበር፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ። ከሌላ ቦታ አንድ መምህር መጥተው አስተማሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለታመመው ሰው። አፋቸው ማር ነው፣ አልዋሽም። መጨረሻ ላይ ግን ሁለት ነገር አሉ። አንደኛው፣ ጌታ መጻጉዕን «ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ያለው ደዌው ከኃጢአት ስለመጣ ነው የሚል። ሁለተኛው፣ ደዌ የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆነ የታመማችሁ ስለ ሕመማችሁ አመስግኑ የሚል። ሕዝቡ አሜን አለ። እናቴም ከወይራው ሥር አሜን አለች።

ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጣ እግሯን ስታሽ አየኋትና «አሁን ለዚህ ነው የምታመሰግኚ?» አልኳት። ተናድጄ ነበር። «አመሰግናለሁ እንጂ፣ ምን ቸገረህ» አለች። ከዚያ እሳቱን ቆሰቆሰችና «ለእግሬ ግን አይደለም» አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ቅጣት ከሆነ ምን አጠፋች? ስጦታ ከሆነ ለምን መድኃኒት እንፈልጋለን? አማኝ ነኝ። ለክርክር አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው።

መዝሙረኛው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። መምህሩ ግን ከራሳቸው አላመጡትም። ዕብራውያን 12 ላይ «ጌታ የሚወደውን ይቀጣዋል» ይላል። ሮሜ 5 መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ፈተናን፣ ፈተናም ተስፋን ያደርጋል ይላል። ቅዱሳን ሁሉ በዚህ መንገድ ነው ያለፉት። እኛ ዛሬ መከራ ስንሸሽ ክርስትናውም አብሮ ሸሸን። ስሜትህን እረዳለሁ፤ ቃሉን በስሜት መመዘን ግን አይገባም።

ነጭ ጋውን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ስብከቱን ለእናንተ እተዋለሁ። ነርስ ነኝ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የማቻክል ልጅ፣ እባክህ ይህን በደንብ አንብበው።

የእኛ ደጋ ላይ ያለው ዝሆኔ በትንኝ የሚመጣው አይደለም። እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአፈሩ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ስትሄድ ስታርስ ስትኖር፣ ደቃቁ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባል። በቆዳ ሥር ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣቸዋል፣ ከዓመታት በኋላ ይዘጋቸዋል። እግር የሚያብጠው ለዚህ ነው። ይህን አጥንቶ ያሳየው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፣ እዚሁ አገራችን ሠርቶ። በአገር ደረጃ ከ1 ሚሊዮን ሰው በላይ አለበት። እናትህ ብቻዋን አይደለችም።

«በዘር ነው» የሚሉት ግማሽ እውነት ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ለአፈሩ ቶሎ ይሸነፋል። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ ልጅ አይዘውም። ለሽማግሌዎቹ ይህን ንገርልኝ።

አሁን የምታደርገው፦ በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ። ከዚያ ጥቂት በረኪና ጠብ የተደረገበት ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ መጠኑን ጤና ጣቢያ ያሳዩሃል፣ በግምት እንዳታደርገው። ማድረቅ፣ በተለይ ጣቶቿ መሐል። ቅባት መቀባት። ፋሻ፣ ካልሲ፣ ሰፊ ጫማ። ስትተኛ እግሯን ከፍ ማድረግ። ጨርሶ አይድንም፣ አልዋሽህም። ግን ይቀንሳል። ሽታው ይጠፋል። ያ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚላት ነገር እየራቀ ይሄዳል።

ትኩሳቱ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የሚነሣባት?

የማቻክል ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50

ቆጥሬ አላውቅም። ሲነሣባት ሦስት አራት ቀን ትተኛለች። «ምች ነው» ነበር የምንለው። ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ያልገባኝ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15

ይኸውላችሁ! አንዲት ነርስ በአሥር መስመር የጻፈችውን ስንት ስብከት ሸፍኖት ኖረ። ሳሙናና ጫማ ነበር የጎደለው። እኛ ግን «ስጦታ ነው» እያልን ሠላሳ ዓመት አስቀመጥናት።

እኔም የራሴ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ መንገድ ላይ ሞተ። ከገጠር በቃሬዛ አምጥተነው፣ አስፋልቱ ዳር ደርሰን መኪና አጥተን። ለቅሶው ላይ መቶ ሰው «እግዜር ወዶት ነው» አለኝ። አንድ ሰው እንኳን «መኪና ለምን ጠፋ?» አላለም። ከዚያ ወዲህ መከራ ትርጉም አለው የሚለኝን ሰው መስማት አልችልም። ትርጉም የለውም። ክፉ ነገር ነው፣ አለቀ።

ከዋሸራ የቀረ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:40

ያልገባኝ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ። ለመቃወም አይደለም የምጽፈው፤ አንድ ነገር አስታውሰኸኝ ነው።

ወጣት ሳለሁ ዋሸራ ቅኔ ስቆጥር ነበር። ደበሎ፣ አኮፋዳ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም»፣ ከውሻ ጋር ትግል፣ ሁሉም አልፏል። አንድ በጋ ጎጇችን ውስጥ ትኩሳት ገባ። ከጎኔ የሚተኛው ልጅ ወደቀ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሎ ይቃዣል። እኔ በዚያ ሰሞን ቅኔ የገባኝ መስሎኝ አብጫለሁ። ስለ እሱ ሕመም ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ፣ ቋጠርኩ። ሰሙ ትኩሳቱ ነው፣ ወርቁ ሠለስቱ ደቂቅን ያላቃጠለ እሳት። ይዤ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ምስጋና ጠብቄአለሁ።

የኔታ ዓይናቸው አያይም ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ቤቱ አልተሰበረም» አሉ፤ ስንኙ ልክ ነው ማለታቸው ነው። ደስ አለኝ። ቀጥለው «ውኃ ቀዳህለት?» አሉ።

አልቀዳሁለትም ነበር።

ምንጩ ቁልቁል ነው፤ መውረዱ ቀላል፣ መውጣቱ ግን ጉልበት ይቆርጣል። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ልጁ ዳነ፣ ዛሬ ትልቅ ደብር ያገለግላል። ቅኔዬን እንኳን እሱ እኔም ረስቼዋለሁ። የእንስራው ክብደት ግን እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለ።

የእኛ ሰው ሁሉን ነገር በሰምና ወርቅ ማየት ይወዳል። መከራን ሲያይ ቶሎ ብሎ ከሥሩ ወርቅ መቆፈር ይጀምራል፤ ያውም የራሱን ሳይሆን የጎረቤቱን መከራ። ወርቅ የለም አልልም። ለባለቤቱ ይተውለት ነው የምለው። እናትህ «ለእግሬ ግን አይደለም» ያሉት ነገር፣ እኔ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይበልጥብኛል። ለምን እንደሚያመሰግኑ ያውቁታል ማለት ነው። አንተ ገና ልትሰማው ነው።

ያልገባኝ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:02

«ውኃ ቀዳህለት?» የምትለዋን እወስዳታለሁ። ሌላውን አስብበታለሁ።

ተስፋ በባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:10

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ካስቸገርኩ ንገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ። ጌታ ራሱ ጌቴሴማኒ «ቢቻልስ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሏል። መከራን እንደ ስጦታ እቅፍ አድርጎ አልተቀበለም። ላቡ እንደ ደም ወዛ፣ ደቀ መዛሙርቱን አብራችሁኝ ንቁ ብሎ ለመነ፣ እነሱም ተኙ። እሱ «ትለፍ» ካለ የማቻክሏ እናት «ትለፍልኝ» ብትል ምን ኃጢአት አለው?

ጽላተ ጽዮን | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:25

ይህ ክር የኦርቶዶክሳውያን ነው። የራሳችሁ መድረክ ሞልቷል።

የማቻክል ልጅ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 11:30

ተይው እባክሽ እህቴ። የጻፈው ወንጌል ነው። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ይቆይ።

መዝሙረኛው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ትናንት የጻፍኩት ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ። ዲያቆን ነኝ፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ ከ9 ጋር አነበብኩት።

ምዕራፍ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁት የእኛን ጥያቄ ነው። ማን ኃጢአት ሠራ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ? ያችው «በዘራቸው አለ» የምትለዋ ወሬ። ጌታ «እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም» አለ። ከዚያ ቆሞ አልሰበከም፤ ምራቁን እንትፍ ብሎ ጭቃ ለወሰና ዓይኑን ቀባው። ሉቃስ 13 ላይም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች፣ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ነበሩ እንዳይባል ከልክሏል። እኛ ግን መጻጉዕ ላይ የተነገረችውን አንዷን ቃል ይዘን ለታመመ ሁሉ እናድላለን።

ሌላም አለ። ጌታ መጻጉዕን «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው፣ ሰውዬው «አዎ» አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእግሩ በላይ የቆጠቆጠው እሱ ነው። ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ የወይራ ሥሯን እናት አስቤ ግን አላውቅም። በእኛም ደብር ዛፍ ሥር የሚቆሙ አሉ።

ያልገባኝ፣ አንተንም ይቅርታ። ኢዮብ ያማረረውን ያህል ማንም አላማረረም። መጨረሻ ላይ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ አይደለም፣ ሊያጽናኑት መጥተው ምክንያት በደረደሩት ወዳጆቹ ነው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። እዚያው ላይ ቢያቆሙ መልካም ነበር።

የቡሬዋ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:50

ልጆቼ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ፊደሏ ቢሳሳት እንዳትስቁባት።

የእኔ ባለቤት ያረፈው በሰሞነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ነው። ያን ሳምንት ፍትሐት እንደማይደረግ ታውቃላችሁ። ካህናቱ መጡ፣ ቆሙ፣ ግን ፍትሐት የለም። እንዲያው አፈር ለበሰ። አርባ ዓመት ከማኅበር ያልቀረ፣ የዘከረ፣ ያበላ ሰው፤ እንደዚያ። ልቤ ተቃጠለ። ለምን በዚህ ቀን? ሌላ ቀን ጠፍቶ ነው? አልኩ። እግዚአብሔርን ተኮራረፍኩት፣ አልደብቃችሁም።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፣ አሁን እሳቸውም አርፈዋል። ብዙ አላወሩም። «እሜቴ፣ ሆሣዕና ዕለት የት ነበር?» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ነበራ፣ ከእኔ ጋር። «እንግዲያው ፍትሐቱን ቆሞ ሰምቷል» አሉኝ። በሕማማቱ ለሚያርፍ ሁሉ ሆሣዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረጋል። ዘንባባውን ጣቱ ላይ እንደ ቀለበት አስሮ፣ ለራሱ ፍትሐት በገዛ እግሩ ቆሞ ነበር። ቀለበቷን ከጣቱ አላወለቅናትም፤ አብራው ነው የተቀበረች።

ለምን ሞተ ለሚለው እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ጠይቄም ተውኩት። ግን በየዓመቱ ሆሣዕና ስትመጣ ያን ፍትሐት ቆሜ ስሰማ እግሬ አይዝልም።

ያንተ እናት ዕድሜዋ ስንት ነው ልጄ? ብቻዋን አታስቁማት። አጠገቧ ቁም።

ነጭ ጋውን | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:30

የቡሬዋ፣ ተረኛ ሆኜ ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። ዓይኔን ምን ሆነሽ ነው አሉኝ።

የማቻክል ልጅ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:40

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሳፋ ገዛሁ፣ ሰማያዊ፣ ትልቁን። ሳሙና፣ በረኪና፣ ፋሻ፣ ቫዝሊን። የሚበቃት ጫማ ሱቅ ላይ የለም፤ አንድ ጫማ ሰፊ በልክ ይሠራላታል።

መጀመሪያ ማታ አሻፈረኝ አለች። «እናት እግሯን በልጇ ታሳጥባለች እንዴ?» ብላ። በመጨረሻ ዓይኔን ወዲያ ካዞርኩ ፈቀደች። ዓይንን አዙሮ እግር ማጠብ ሞክሩትና ንገሩኝ። ውኃው ሦስት ጊዜ ተቀየረ።

አሁን ግን ቅባቱ ላይ ቆመናል። «ሞራ ካለበት በጾም አልቀባም» ብላ ቆርቆሮውን አልጋ ሥር ከታዋለች። ምን ልበላት?

ነጭ ጋውን | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:52

ሃሃሃ! ቫዝሊን ከነዳጅ ነው የሚወጣ በላት። ሞራ የለበትም። የጾም ነው።

መዝሙረኛው | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:00

ሞራ ቢኖርበትም መድኃኒት ነው፣ መቀባት እንጂ መብላት አይደለም። ግን የነርሷ መልስ ያሳምናቸዋል፣ እሱን ንገራቸው።

ያልገባኝ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:11

በዚህ ክር መጀመሪያ የሳቅሁት አሁን ነው።

ዲያቆን፣ ይቅርታህ ደርሶኛል። አንድ ልጠይቅህ፦ ትንሣኤ ካለ ቁስሉ ለምን ቀረ? ቶማስ ጣቱን ያስገባበት ማለቴ ነው። ሞትን ያሸነፈ የችንካር ምልክት ማጥፋት ያቅተዋል?

መዝሙረኛው | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:40

አያቅተውም። ቶማስ እንዲያምን ነው ይላሉ መምህራን። እኔ በበኩሌ ሌላም ይታየኛል። ቁስሉ ቢጠፋ ኖሮ፣ ያ የተሰቀለው ሌላ ሰው ነበር እንል ነበር። የደረሰብህን ፍቆ «ምንም አልሆነም» የሚል አምላክ አይደለም። የወንድምህን ነገርም ማንም «ምንም አልነበረም» እንዲልህ አይፈቅድም፣ እሱ ራሱም አይልህም። ከዚህ በላይ አላውቅም ወንድሜ።

ያልገባኝ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:44

እሺ።

ከዋሸራ የቀረ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

የማቻክል ልጅ፣ ወሬህ ጠፋ። እናትህ እንዴት ናቸው? ኔትወርክ ነው ወይስ ሌላ?

የማቻክል ልጅ | ጸሎተ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:05

አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኔትወርክ ነበር።

እብጠቱ ወርዷል፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ቁርጭምጭሚቷ መታየት ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ አልተነሣባትም። ጫማው ደርሷል፣ ቡናማ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ነው የምታደርገው፤ ጭቃ እንዳይነካው! ለጭቃው እንደተሠራ ስንት ጊዜ ነገርኳት።

ዛሬ አብሬያት ሄድኩ። የቡሬዋ እንዳሉኝ አጠገቧ ቆምኩ፣ እዚያው ወይራው ሥር። ሕጽበተ እግር ሲጀመር ቄሱ ወገባቸውን ታጥቀው ዝቅ ብለው እያጠቡ መጡ። «እንግባ እማዬ፣ ዛሬኳ» አልኳት። እምቢ አለች። ለመንኳት። «የእኔ ማታ ታጥቦ አድሯል» አለች፤ ዞራም አላየችኝ። ተናደድኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ይህን ሁሉ ሳምንት የደከምኩት ዛሬ ሰልፉ ውስጥ እንድትገባ ነበር መሰለኝ። አልገባችም።

ቤት ስንገባ ጉልባኑን አወጣች። ለጎረቤት አዳረሰች እንደ ወትሮው። ከዚያ የቀረውን በሳህን አድርጋ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ «መጣሁ» ብላ ወጣች። ከታች ወንዙ አጠገብ አንዲት ሴት አለች፤ እኛ ሰፈር ማንም ቤቷ አይገባም። እግሯ ከእናቴም የባሰ ነው። ልጅ የላትም።

ቆየች። መሸ። ልፈልጋት ልወጣ ስል መጣች። ጫማውን አድርጋው ነበር፣ እስከ አፉ ጭቃ ሆኗል። ምንም አላልኩም።

የማጠቢያ ሰዓት ደረሰና ውኃ አሙቄ ሳፋውን ፈለግሁ። የለም። በረኪናውም የለም። «የት ሄደ?» ስላት «ያች ሴት ሳፋ የላትም» አለች፣ ጋቢዋን እየተከናነበች።

ዛሬ በድስት አጠብናት። በዓሉ እንዳለፈ ሌላ እገዛለሁ። ነጭ ጋውን፣ የበረኪናውን መጠን ለዚያች ሴትም አንድ ዓይነት ነው? ቁስል አላት።

ነጭ ጋውን | ጸሎተ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:12

ቁስል ካላት በረኪናውን አቁሙት፣ መጀመሪያ ይታይላት። ከበዓሉ በፊት የምታመጣት ከሆነ ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ፤ ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።